የክት ዝናብ

አገሪቱን በካርታ ላይ አትፈልጓት። ቅርብ ናት ቢሏችሁም አትደንግጡ።

ነዋሪዎቿ «ሙቂቱ» ይሏት ነበር፤ ከሙቀቷ በቀር የሚያውቁላት ነገር አልነበረም። ሌላ አገር አይቶ የተመለሰ ሰው ስለሌለ ሙቂቱ ለእነሱ የዓለም ሁሉ ስም ነበረች። መሬቷ ለስላሳ ነው፤ ሲረግጡት ይሰረጉዳል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ከሥሩ አንድ ነገር ሳያቋርጥ ይመታል። አብዛኛው ሰው ተወልዶ እስኪሞት ምቱን አይሰማውም። አንዴም ዝም ብሎ የማያውቅን ነገር ማን ይሰማል?

ደብሪቱ የምትባል አሮጊት ግን ትሰማው ነበር። ክንዷ ላይ ከባድ ነገር ስለነበረ ከሌላው ሁሉ ቀርፋፋ ነበረች። ቀርፋፋ ሰው ብዙ ይቀመጣል፤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ መሬቱን ይሰማል።

*

በሙቂቱ የሰው አወላለድ እንዲህ ነው። ሰው በልቶ ሲጠግብ ይተኛል፤ ሲነቃ ሁለት ሆኖ ይነሣል። በቀኝ በኩል የነቃው ወላጅ ይባላል፣ በግራ የነቃው ልጅ። ቀኝና ግራው እንዳይምታታ ሲተኙ ራስን ወደ ሽቅብ ማድረግ ግዴታ ነበር። ተገልብጦ የሚተኛ ግን የትም አይጠፋም። ስለዚህ በየችሎቱ መልካቸው አንድ፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዱ «አባትህ እኔ ነኝ» ሲል ሌላው «የለም፣ እኔ ነኝ አባትህ» እያለ ይውላሉ። ዳኛው ራሱ ተገልብጦ የተኛ ሰው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ሁለት ሆኖ ይቀመጥና ከራሱ ጋር ሳይስማማ ችሎት ይነሣል።

ደብሪቱ ዕድሜዋ ረጅም የሆነው ሁልጊዜ በቀኝ ስለምትነቃ ነው። እንዲህ ያለ ዕድል ለጥቂት ሰው ነው የሚደርሰው።

*

እያንዳንዱ ሰው ወገቡን ረጅም መቀነት ታጥቋል። መቀነቱ ከዳር እስከ ዳር ቋጠሮ በቋጠሮ ነው። አንዱ ቋጠሮ ምን እንደሚበላ ይነግረዋል፤ ሌላው ቆዳውን እንዴት እንደሚያጠብቅ፤ ሌላው መቼ እንደሚተኛ። ሰው ሁለት ከመሆኑ በፊት መቀነቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይቀዳል። ጣት አንዳንዴ ይስታል። አንድ ቋጠሮ ይላላል፣ ወይም ሁለት ጊዜ ይቋጠራል። የሳተ መቀነት የደረሰው ልጅ ብዙውን ጊዜ ያነክሳል፣ ወይም ሳያድግ ይቀራል፤ ዘመዶቹም «የጣት ስሕተት» ብለው ያልፉታል። ከብዙ ስሕተቶች መካከል አንዱ ግን አልፎ አልፎ ለባለቤቱ ይበጃል። ያኔ ስሕተት መሆኑ ይረሳና «የዘር ቁም ነገር» ይባላል።

መቀነት አይዋስም፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ብቻ ነው የሚወርደው።

አምባር ግን ሌላ ነው። አምባር ትንሽ ነው፣ ክብ ነው፣ ዶቃ አለበት፣ ክንድ ላይ ይውላል። ያለው ሰው ለሌለው ያስቀዳል። ወንድም ይሁን ባዕድ፣ መቀነቱ ይምሰል አይምሰል፣ ክንድ ከክንድ ከገጠመ አምባሩ ይቀዳል፤ ሰጪውም ምንም ሳይጎድልበት መንገዱን ይቀጥላል። የሙቂቱ ሰዎች ብዙ ሕግ ነበራቸው፤ የሚኮሩበት ግን አንዱ ብቻ ነበር። ክንዱን የዘረጋ አይመለስም።

ደግ ሕግ ነው። ደግ ሕግ ስለሆነም እስከ የት እንደሚያደርስ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

*

ዝናቡ መራራ ነው። ደመና ስላለ አይደለም የሚዘንበው። ከሰማይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ውስጡ የሚታይ፣ የመስታወት ወንዝ የሚሉት ነገር አለ፤ ዝናቡ በእሱ በኩል ጠብ ጠብ እያለ ይመጣል። ከላይ ያሉት ሲፈሩ ያዘንባሉ፤ ግራ ሲገባቸውም ያዘንባሉ፤ «ምንም አላዘዙልንም እንዳንባል» ብለው የሚያዘንቡበትም ጊዜ አለ ይባላል። ጀምረው በመሃል የሚተዉት ደግሞ ብዙ ነው። ለሚያስተውል ሰው ከዝናብ ሁሉ ክፉው ያ ጅምር ዝናብ ነበር። ደካማውን ጠርጎ ይወስድና፣ ጠብታው ያዳለጠበትን ሰው በሰፊ ሜዳ፣ በተትረፈረፈ ምግብ፣ ያለ ጎረቤት ይተወዋል።

ዝናብን የሚመለከት ሹም ነበራቸው። ቢተው ይባላል። ሥራው ዝናብን ማስቆም አይደለም፤ ዝናብ ካቆመ በኋላ ስም ማውጣትና የድል ቀን ማወጅ ነው። ነጩን ዝናብ «ነጩ ድል» ብሎ ሰይሞታል፣ ቢጫውንም «ቢጫው ድል»። በድሉ ቀን «ዝናቡን አሸንፈናል ወይስ አላሸነፍንም?» ብሎ ሕዝቡን ይጠይቃል። የሞቱት ስለማይገኙ መልሱ ሁልጊዜ በአንድ ድምፅ ነበር።

ዝናብ ሲርቅ አምባር ሸክም ይሆናል። ያጠለቀው ሰው ብዙ ይበላል፣ ዘግይቶ ይተኛል፣ ዘግይቶ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ በደረቅ ጊዜ ሰው አምባሩን እያወለቀ ይጥላል፤ ያላወለቀውም መሳቂያ ይሆናል። ባለ አምባር ከማዕድ ኋላ ይሰለፍ የሚል ትእዛዝ ያወጣው ቢተው ነው። ደብሪቱ ተራዋ ደርሶ ስትቀርብ «እማማ፣ እርስዎ እስኪደርሱ እኛ እኮ አያት ሆንን» ይላታል፤ ሰልፉም ይስቃል። ዝናብ የጀመረ ቀን ግን ያው ቢተው ከሁሉ ቀድሞ ደጇ ይቆማል፣ ክንዱን «ለቁጥጥር ያህል» እየዘረጋ።

ደብሪቱ አትቀየመውም ነበር። ትቀዳለታለች። ሲደርቅ እንደሚጥለው ታውቃለች።

*

የደብሪቱ አምባር ሦስት ዶቃ ነበረው። ነጩ ዶቃ ለነጩ ዝናብ፣ ቢጫው ለቢጫው። ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ ጥቁሩ ለየትኛው ዝናብ እንደሆነ ከእሷ በቀር በሙቂቱ የሚያውቅ አልነበረም። በሙቂቱ ዘንቦ የማያውቅ ዝናብ ዶቃ ስለነበረ ሰው ሲቀዳ «ይሄን ተይው፣ ይከብዳል» እያለ ሁለቱን ብቻ ይወስድ ነበር።

ጥቁሩ ዶቃ የመጣው ከፍሳሹ አገር ነው። የደብሪቱ ቅድመ አያት ወደ ሙቂቱ ከመሻገሯ በፊት የኖረችው እዚያ ነበር፤ ከላይ ያሉት እጃቸውን ከሚታጠቡበት ነጭ ገንዳ ሥር ያለ ቀዝቃዛ፣ ጨለማ፣ የዝናብ ሁሉ ትራፊ እየወረደ የሚጠራቀምበት ከተማ። እዚያ የማይመሳሰል ሰው ሁሉ ተፋፍጎ ይኖራል። ዶቃውን የሰጣት ከአፈር አገር የመጣ ሽማግሌ ነው። ከላይ ያሉት ዝናቡን ከእኛ ነው የተማሩት፣ ብሎ ነበር። ዝናቡ መጀመሪያ የአፈር ሰዎች ድንበር ሲጋፉ እርስ በርስ የሚረጩት መርዝ ነበር፤ መርዙ ሲኖር ማርከሻውም አብሮ ኖረ፤ ሰማይ ማዝነብ ሳይጀምር ጀምሮ።

ጥቁሩ ዶቃ ለምን እንደሚሆንም ነግሯታል። ከላይ ያሉት አንድ ዝናብ አላቸው፤ እንደ ክት ልብስ አጥፈው ለክፉ ቀን ያስቀመጡት። ግን ባለጠጋ ሲያስነጥስ ያወጡታል፣ ዘመድ ሲለምናቸው ያወጡታል። የክት ልብስ ዘወትር ከተለበሰ የክትነቱ ምኑ ላይ ነው? ትራፊው ወደ እኛ ይወርዳል፤ እኛም ለመድነው። ሽማግሌው ይህን ሲል እየኮራ አልነበረም ይባላል።

*

ሺበሺና ዘመዶቹ የመጡት በመስታወቱ ወንዝ ዳርቻ ተጣብቀው ነው። ወፍራም ካባ የሚለብሱ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሲያወሩ ለስለስ ያሉ ሰዎች ነበሩ። አገራችን ቀዘቀዘችብን፣ አሉ። ለምን እንደቀዘቀዘች ሲጠየቁ እርስ በርስ ተያዩ፤ አያውቁም ነበር።

ቢተው አቀባበል አደረገላቸው። ሙቂቱ እንግዳ አትመልስም የሚል ንግግር አሰማ፤ ነጩንና ቢጫውን ዶቃ በሕዝብ ፊት አስቀዳላቸው። ጭብጨባ ሆነ።

የሙቂቱ ሰዎች የሚበሉት መሬቱ የሚጥለውን ነው፤ በእጥፋቶቿ ውስጥ ተሸሽገው ፍርፋሪ እየለቀሙ ይኖራሉ። እንግዶቹ ግን መሬቱን ራሱን ነበር የሚበሉት። በክፋት አይደለም፤ መቀነታቸው ላይ እንዲህ ተቋጥሯል። ይበላሉ፣ ይጠግባሉ፣ ይተኛሉ፣ ሁለት ይሆናሉ። መሬቱ መጋል ጀመረ። ምቱ ፈጠነ።

ከላይ ያሉት ነጩን ዝናብ አዘነቡ፤ በእንግዶቹ ካባ ላይ አዳለጠ። በመሃል ትተው ቢጫውን አዘነቡ፤ እሱም አዳለጠ። ቢተው በተከታታይ ሁለት የድል ቀን አወጀ።

ከዚያ የክቱ ዝናብ መጣ።

እንደሌላው ዝናብ አልነበረም። ድምፅ የለውም። የነካው ሰው ቆዳው ይሳሳና ውስጡ ይፈሳል። በእጥፋቶቹ ውስጥ ያሉት የሙቂቱ ሰዎች ዝናቡ እየቀጠነ ስለሚደርሳቸው ከብዙ ጥቂቶቹ ተረፉ። እንግዶቹ ግን ሜዳ ላይ ነበሩ። ደብሪቱ ክንዷን አየች። ጥቁሩ ዶቃ ላይ ያረፈው ጠብታ ተንከባሎ ወረደ።

የመሬቱ ግለት ጥቂት በረድ ሲል፣ ምቱም ሲረጋ ሰማች። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ከሰማችው ሁሉ ደህናው ምት ነበር።

ያኔ ነው ክንዷን ነጠላዋ ውስጥ የሸሸገችው።

*

መሸሸጓ ወዲያው ታወቀ፤ በሙቂቱ የተሸፈነ ክንድ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለምና። ቢተው ከሁሉ ቀድሞ መጣ። ለእሱ ብቻ ብትቀዳለት ነገሩን እንደሚያለዝበው፣ ማንም ሳይሰማ እንደሚያልፍ ነገራት።

«ለአንተ ሰጠሁ ማለት ለሁሉ ሰጠሁ ማለት ነው» አለችው። «አንተ ሲለምኑህ እምቢ ማለት አትችልም። ሕጉን የምታስጠብቀው አንተ ነህ።»

«ይህ ሙገሳ ነው ስድብ?»

«አንተ ምረጠው።»

ችሎት ተቀመጠ። ዳኛው፣ ሁለቱም፣ ለምን ክንድ እንደነሣች ጠየቋት። ጥቁሩን ዶቃ እንግዶቹ ካገኙት ዝናብ እንደማያቆማቸው፣ ዝናብ ካላቆማቸው መሬቱን በልተው እንደሚጨርሱት፣ መሬቱ ደግሞ ሕይወት ያለው እንደሚመስላት ተናገረች። እንዲያደምጡትም ለመነች። አንዱ ዳኛ ለማድመጥ ጎንበስ ሊል ሲል ሌላው ዳኛ ይዞት ቀና አደረገው፤ ከችሎት ወንበር መነሣት ያልተፈቀደ ነው።

ፍርዱ የተጻፈው እንዲህ ነበር፦ መሬት ክንድ የለውም። ክንድ የሌለው መለመን አይችልም። ያልለመነ አልተነፈገም። ስለዚህ መሬቱ በዚህ ነገር ተበዳይ ሊሆን አይችልም፤ ተበዳዩ እንግዳው ነው።

ክንድ በግድ አይዘረጋም፤ በግድ የተዘረጋ ክንድ አምባር አያስቀዳም። ስለዚህ የቀራቸው ቅጣት አንድ ብቻ ነበር። በሙቂቱ ከሁሉ የከበደው ቅጣት ሜዳ ላይ በዝናብ መቆም ነው። ያንን ፈረዱባት። ዝናቡ እንደማይነካት ያስታወሰ ሰው ነበር፤ ቢተው ግን ቅጣቱ በሕግ ከባድ እስከተባለ ድረስ የተቀጪው አለመጎዳት የግል ጉዳዩ ነው ብሎ ዘጋው።

*

እናም ደብሪቱ በክቱ ዝናብ መካከል ደረቅ ሆና ተቀመጠች፤ ዙሪያዋን ሰው እያለቀ።

ይህን ዳኞቹ አስበው አላደረጉትም፤ ማሰብ የሚችሉ ሰዎች አልነበሩም። ግን ከዚህ የከፋ ቅጣት ሊገኝ አይችልም ነበር። በእጥፋቶቹ ውስጥ ሆና መሬቱን ትሰማ ነበር። ሜዳው ላይ ግን የምትሰማው ሌላ ነበር። ካባቸው የተተለተለ ሴቶች ልጆቻቸውን ሥራቸው አስገብተው ይንበረከካሉ፤ ዝናቡ እናቲቱን አልፎ ይደርሳል። አንዳንዶቹ ክንዳቸውን ወደ እሷ ዘርግተው እንደዘረጉ ይፈሳሉ። አንዷ ልጅ የደብሪቱን ደረቅ ነጠላ ዳር ይዛ፣ መጠለያ መስሏት፣ እዚያው ቀረች።

ሺበሺ ሲመጣ ካባው ግማሹ ብቻ ነበር የቀረው።

«እማማ፣ ሕግ ጠቅሼ አልመጣሁም» አላት። «እነዚያ በሕግ ይጨቃጨቁ። እኔ ልጆቼ እያለቁ ነው።»

«አያለሁ ልጄ።»

«ታዲያ?»

«ቁጭ በል።»

«የምቀመጥበት ጊዜ የለኝም።»

«ቁጭ በልና ጆሮህን መሬቱ ላይ አድርግ።»

ተቀመጠ። ጆሮውን አደረገ። ብዙ ቆየ፤ ዝናቡ ጀርባውን እየበላው። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር።

«ከመጣንበትም አገር እንዲህ ያለ ነገር ነበር» አለ ዝግ ብሎ። «ነጎድጓድ ይመስለኝ ነበር።»

«በኋላስ?»

«በኋላ ቆመ። ከዚያ ቀዘቀዘች።»

የተረፈውን ካባ ወደ ትከሻው ሳበ።

«አላወቅሁም ነበር እማማ» አለ ሺበሺ። «አሁን አወቅሁ እንበል። አውቄ ምን ላደርግ ነው? መሬት መብላት መቀነቴ ላይ ነው ያለው። እናቴ ናት የቋጠረችው፤ እሷም ከእናቷ ነው የተቀበለችው። ልፍታው ብል እኔ የሚባል ሰው አይቀርም።»

«ፍታው አላልኩህም። ጥቂት ብላ። ከሥሩ ሳይሆን ከላዩ ላዩን።»

«ጥቂት መብላት እችላለሁ።»

«ልጆችህስ?»

«እነግራቸዋለሁ። እምልልዎታለሁ። በእናቴ ቋጠሮ።»

ደብሪቱ መሐላውን አመነችው፤ ሺበሺ ከልቡ ነበር የማለው። ያም ሆኖ ክንዷን የገለጠችው በመሐላው ምክንያት ብቻ አልነበረም። ነጠላዋ ዳር ላይ ያችን የቀረችውን ልጅ እያየች ነበር። መሬቱ ሩቅ ነው፣ ትልቅ ነው፣ ምን እንደሆነም በውል አታውቅም። ልጅቷ ግን እዚያው ነበረች። በሙቂቱ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ፈርዷል፤ በዚህች ሰዓት ክንዷን ባትገልጥ ኖሮ ጥሩ ሰው ነበረች የሚል ግን አልተገኘም፤ ብትገልጥም እንዲሁ።

ክንድ ከክንድ ገጠመ።

*

ሺበሺ ለመጀመሪያው ሰጠ፤ የመጀመሪያው ለሁለተኛው። ወሬ ከሚሄድበት ፍጥነት አምባሩ ቀደመ። የሙቂቱ ሰዎችም ከእጥፋቶቻቸው ወጥተው ቀዱ፤ ቢተው ሁለት ጊዜ ቀዳ። ዝናቡ እየዘነበ ሰው ሜዳ ላይ እየጨፈረ ነበር። ከላይ ያሉት ጥቂት ቆዩ፣ ጨመሩ፣ ከዚያ አቆሙ። ከክቱ በኋላ ሌላ አልነበራቸውም።

ሺበሺ መሐላውን ጠበቀ። ከላይ ከላዩን ብቻ በላ፤ ከሣ። ልጆቹን እየዞረ ነገራቸው። አንዳንዶቹ ሰሙት። ግን በጠገቡ ቁጥር ሁለት እየሆኑ ነበር፤ የተነገረው ሰው ሲነቃ ያልተነገረውን አጠገቡ ተኝቶ ያገኘዋል። ያልተነገረው ደግሞ ተርቧል፤ ቋጠሮውም ብላ ይለዋል።

«ማልኩላት እኮ» ይላቸው ነበር።

«አንተ ነህ የማልከው አባባ» ይሉታል፣ በአክብሮት። «እኛ ያኔ አልነበርንም።»

ነገሩ ችሎት ደረሰ። ሰው ምሎ ከተኛና ሁለት ሆኖ ከነቃ መሐላው በቀኝ የነቃውን ነው ወይስ በግራ የነቃውን የሚይዘው? አንደኛው ዳኛ ቀኙን አለ። ሁለተኛው ዳኛ ጥያቄው ራሱን ስለሚነካው አስተያየት አልሰጥም አለ። ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

መሬቱ እንደገና ጋለ። እንዲህ ግሎ አያውቅም ነበር። ደብሪቱ በላዩ ተኝታ ታዳምጠው ነበር፤ የሚሮጥ ሰው እግር ይመስል ነበር ምቱ፤ በኋላ የሚደናቀፍ፣ እንደገና የሚነሣ። ከሰማይ ነጎድጓድ መጣ። ሁልጊዜ እንደሚሰሙት አልነበረም፤ ዝቅ ያለ፣ የአንድ ሰው ድምፅ የመሰለ፣ ያንኑ አንድ ቃል እየደጋገመ የሚጠራ ነጎድጓድ ነበር። ስም የሚጠራ መሰላት። የማንን ስም እንደሆነ አላወቀችም፤ ለመልስ ግን እሷም ከመሬቱ ጋር ጠበቀች።

ከዚያ ምቱ ቆመ።

ያን ጊዜ ሁሉም ሰማው። ዳኞቹ ከወንበራቸው ተነሡ። የሚበላው መብላቱን አቆመ፣ የተኛው ነቃ፤ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ እየተያየ «ምን ነበር እሱ?» ይባባል ጀመር። ቢተው ብቻ ነው ጊዜ ያላጠፋው። ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ሙቂቱ የክቱን ዝናብ ድል የነሣችበት ቀን መሆኑን ያውጅ ነበር። ሲናገር ከአፉ እንፋሎት ይወጣ ነበር፤ አገሪቱ እየቀዘቀዘች ነው።

*

ከላይም ሕግ አለ ይባላል። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚሻገር እጅ ሳይታጠብ አይሻገር የሚል። እንደ ታችኛው ሕግ ሁሉ ደግ ሕግ ነው፤ ስለ ደግነቱ የሚከራከር የለም።

የመጣው እጅ መሬቱን በቀስታ ሸፈነ፣ አስተካከለ። ከዚያ በፊት የሚያለቅስ ሰው ደግፎ ቆይቶ ነበር። ከወዲያ ደግሞ ሌላ ሰው ጠራው፣ ቶሎ ና ብሎ። ስለዚህ ቸኮለ፤ ሳይታጠብ ተሻገረ። በጣቱ እጥፋት ውስጥ የተገኙት ጥቂቶቹ አብረውት ሄዱ። ሺበሺ ከነሱ አንዱ ነበር፤ ደብሪቱን ጎትቶ ያወጣት እሱ ነው። መሄድ አልፈለገችም ነበር።

አዲሲቱ አገር ትንሽ ነበረች። የወተት ሽታ አላት። መሬቷ ከሙቂቱም ይልቅ ለስላሳ ነው፤ የሰፈረባት ሰው ገና የለም ማለት ይቻላል፤ ዝናብም ነክቷት አያውቅም። ደብሪቱ መቆም ስላቃታት ተቀመጠች፤ ስትቀመጥ ሰማችው። ምቱ ፈጣን ነው። የፍርሃት ፍጥነት ግን አልነበረም፤ የትንሽ ነገር ፍጥነት ነበር።

አብረዋቸው ከመጡት መካከል አንዱም ጉዞውን አልቻለም። በዚያ ሁሉ ወለል ላይ እሷና ሺበሺ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ክንዳቸው ላይ ሦስት ዶቃ። ሹም የለም፣ ችሎት የለም። ሺበሺ ተርቦ ነበር። ከመሐላው ጊዜ ጀምሮ ጠግቦ አያውቅም፤ ብርዱም አድክሞታል። ተንበርክኮ መሬቱን በመዳፉ ዳሰሰ። ጣቶቹ ሰመጡ።

«ሺበሺ።»

«አቤት እማማ።»

መሐላ ልትጠይቀው ትችል ነበር፤ ይምልላትም ነበር። አልጠየቀችውም።

«ዛሬ አትብላ» አለችው።

መዳፉን ከመሬቱ ላይ አላነሣም። ሆዱ ሲጮኽ ሁለቱም ሰሙት። ያልበላ አይጠግብም፤ ያልጠገበ አይተኛም፤ ያልተኛ ደግሞ ሁለት ሆኖ አይነሣም። ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

«ነገስ?» አለ።

«ስለ ነገ አልጠየቅሁህም።»

ከላይ፣ ከሩቅ፣ የሚያንጎራጉር ነጎድጓድ ይሰማ ነበር። ሺበሺ ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ አወጣ።

«ለዛሬ እሺ» አለና አጠገቧ ተቀመጠ።